ያረጀች አህያ ሐቅ

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል፣ ምናልባትም የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ስላረጀችና ስለታመመች አንዲት አህያ ነው። ሆኖም በዚች አህያ ምክንያት እኔ በመድረሳም ሆነ በመደበኛው ትምህርት ቤት ለዓመታት ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር እንደ አዲስ ለመማር ተገድጃለሁ። ከዚህ ትምህርት እናንተም ድርሻችሁን እንድታነሱ በማሰብ ታሪኩን ከነስሕተቴ አቀርበዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ወር ነው። ደሴ በጦሳ ግርጌ ጉም ለብሳ በምታድርበት በዚያ ወቅት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስወጣ አንዲት የሰፈራችን እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አራት ልጆች ያሳደጉት በአንዲት አህያ ነው። ሰኞ ገበያ እህል የሸመተ ሰው ሁሉ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤትም ወደ ቤቱ የሚያስጭነው በእሳቸው አህያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብና ሕዝቡ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲጎርፍ፣ መራመድ ያቃታቸውን አሮጊት እናታቸውን ያወረዱት በዚችው አህያ ጀርባ ላይ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ልጄ ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ እንጂ እትዬ» አልኳቸው።

«አህያዬ አረጀች። ጀርባዋ ገጣባ ሆኗል፣ መብላትም ተስኗታል። ሰዎቹ ወደ ገደሉ አፋፍ ነድተሽ ልቀቂያትና ሌሊት ጅብ ይገላግልሽ ይሉኛል። አንዱ ነጋዴ ደግሞ ለምን እንደሚፈልጋት ሳይነግረኝ በትንሽ ብር እገዛሻለሁ አለኝ። ይኼ ነገር ኃጢአት አለበት ወይ?»

እኔም አስተማሪ ነኝና መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ድመት አስራ ሳታበላና ሳትለቅ በረሃብ ስለገደለችውና በዚሁ ምክንያት ለእሳት ስለተዳረገችው ሴት ከዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የተላለፈውን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ሐዲሱንስ ሰምቼዋለሁ ልጄ፤ ገለባውን ማን ይገዛልኛል?» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፈትዋ የጠየቁኝ ሴት ስንቃቸው ያለቀ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ የሰጠኋቸው ስንቅ ሳይሆን ሌላ ሸክም ነበር።

ኡለማኦቻችን ምን ብለዋል?

በማግሥቱ ኪታቦቼን ገለጥኩ። በወሎ መድረሳዎች ፊቅህ የቀራ ሰው ሁሉ የኢማም ነወዊን (በ676 ዓ.ሂ. የሞቱ) ሚንሃጅ ያውቃል። እዚያ ስለ ቀለብ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ፣ ከሚስትና ከልጅ ቀለብ ቀጥሎ የእንስሳት ቀለብ ተጠቅሷል። የሐሳቡ ጭብጥ እንዲህ ነው። ባለቤት እንስሳውን የማብላትና የማጠጣት ግዴታ አለበት። እምቢ ካለ ሥጋው የሚበላ እንስሳ ከሆነ እንዲሸጥ፣ ወይም እንዲቀልብ፣ ወይም እንዲያርድ ይገደዳል። ሥጋው የማይበላ ከሆነ ግን ያለው ምርጫ መሸጥ ወይም መቀለብ ብቻ ነው።

የቤት አህያ ሥጋ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እርም መደረጉ የታወቀ ነው። ስለዚህ በሬ ሲያረጅ የሚሄድበት መንገድ ለአህያ ዝግ ነው። ለገደል አፋፍና ለጅብ መስጠትማ በየትኛውም ኪታብ አማራጭ ሆኖ አልተጻፈም።

የሻፊዒያ ኡለማኦች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። ባለቤቱ ድሃ ሆኖ መቀለብ ካቃተው፣ የሚገዛም ከጠፋ፣ ወጪው በበይተል ማል ላይ ይወድቃል። ይህም ካልተገኘ የሙስሊሞች ሁሉ ኃላፊነት ይሆናል። እንግዲህ እትዬ «ገለባውን ማን ይገዛልኛል?» ላሉት ጥያቄ መልሱ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የተሰጠ ነበር። መልሱም «እናንተ ጎረቤቶቿ» የሚል ነበር።

የኡለማኦች ሱልጣን በመባል የሚታወቁት ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላምም (በ660 ዓ.ሂ. የሞቱ) እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቆች ሲዘረዝሩ መጀመሪያ ያስቀመጡት ቀለብን ነው። ያውም እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥበት ደረጃ ላይ ቢደርስም እንኳ ቀለቡ አይቋረጥም ይላሉ። ቀጥለውም ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን፣ ከሚጎዳው ሌላ እንስሳ ጋር እንዳይቀላቀል ይጨምራሉ። ይህን ሳነብ አፈርኩ። ኪታቡ ከመደርደሪያዬ ወርዶ አያውቅም ነበርና።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የአንሷር ሰው የአትክልት ስፍራ ሲገቡ አንድ ግመል አይቷቸው እንዳለቀሰ፣ እሳቸውም ጆሮ ግንዱን ዳብሰው ካረጋጉት በኋላ ባለቤቱን አስጠርተው ግመሉ በረሃብና በሥራ ብዛት እንደሚከስህ ነገረኝ ብለው እንደገሠጹት አቡ ዳውድ ከዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። እንስሳው አቤቱታ አለው፣ የሚሰማውም አለ ማለት ነው።

ቡሊት ወደ ቤታችን ስትገባ

እትዬን አነጋግሬ አህያዋን ተረከብኩ። ገንዘብ አልጠየቁኝም። መጫኛውን እጄ ላይ ሲያስቀምጡ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ባለቤቴ በሩ ላይ ስታየኝ መጀመሪያ የተናገረችውን አልደብቃችሁም። «ለልጆቹ ወተት ስንቆጥብ አንተ የምትሞት አህያ ታመጣለህ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። የአስተማሪ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ለማናችሁም ስውር አይደለም። ስለዚህ ተቀምጠን ተማከርን። በየወሩ ለሶደቃ ከምንመድባት ላይ ግማሹን ለቀለቡ ልናውል፣ ከልጆቹ ቀለብና ከትምህርት ቤት ወጪያቸው ግን አንዲት ሳንቲም ላንነካ ተስማማን። ቤተሰብ ያልተስማማበት በጎ ሥራ እድሜው አጭር ነውና ይህን ምክክር ማንም ባይዘለው እመክራለሁ።

ሴት ልጄ «አባዬ፣ የነቢያችን አህያ ስም ነበራት?» ብላ ጠየቀችኝ። ዑፈይር ትባል እንደነበርና ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ከኋላቸው ተፈናጠው በሷ ላይ ሳሉ ታላቁን የተውሒድ ትምህርት እንደተማሩ ነገርኳት። «ታዲያ የኛዋስ ለምን ስም አይኖራትም?» አለችና በቡላማ መልኳ ምክንያት ቡሊት አለቻት።

ሐኪሙ ያሳየን

ቡሊት ከጠባብ ግቢያችን ጥግ፣ ቆርቆሮ ከተጣለበት ማደሪያ ገባች። ጎድኗ ይቆጠራል። ጀርባዋ ላይ ሁለት መዳፍ የሚያክል ቁስል ነበር። የፊት ሰኮናዎቿ ከመጠን በላይ አድገው ወደ ላይ ታጥፈዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አበላሏ ነው። ጭዱን በአፏ ታላምጥና እርጥብ ኳስ አድርጋ መልሳ ትጥለዋለች።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አፏን ሲከፍት ምክንያቱን አሳየን። የአህያ ጥርስ እንደ ሰው ጥርስ ወጥቶ የሚቆም አይደለም። ድርቆሽ ሲያላምጥ እየተሸረሸረ፣ ከሥር ደግሞ እየወጣ ለዓመታት ይቀጥላል። እኩል ካልተሸረሸረ ዳር ዳሩ እንደ ምላጭ ስለታም ይሆንና ጉንጭና ምላስ ያቆስላል። በመጨረሻም ጥርሱ ያልቅና ይወልቃል። ቡሊት ሦስት መንጋጋ ጥርሶች ጎድለዋት ነበር፤ ቀሪዎቹም ሹል ነበሩ። ሐኪሙ በሞረድ አስተካከለላት። ሰው «አህያዋ ሰነፈች» እያለ ሲደበድባት የከረመው ለካ ጥርሷ እያመማት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የተማርነውን ባጭሩ ላስቀምጠው፤ እንዲህ ዓይነት እንስሳ ቤቱ ያለ ሰው ይጠቀምበታልና።

ስለ ቀለብ፦ ጥርሱ ለደከመ እንስሳ ደረቅ ገለባ ብቻ መስጠት እንደመከልከል ነው። ድርቆሹን በደቃቁ ከትክቶ፣ ፉርሽካውን በውሃ አርሶ፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይገባል። ቀለብ በድንገት ከተለወጠ ሆድ ቁርጠት ያመጣልና ለውጡ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን። ንጹሕ ውሃና የሚላስ ጨው አይጓደል። በደሴ ብርድ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ያረጀ እንስሳ በቂ አይጠጣም፤ ለብ ማድረግ ይጠቅማል።

ስለ ቁስል፦ ጨው ባለበት ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ከዝንብ መከላከል መሠረታዊው ነገር ነው። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የጋለ ብረት፣ እነዚህ ሁሉ ሥጋውን ይገድላሉ እንጂ አያድኑትም። ፊቱ ላይ በብረት የተተኮሰ አህያ ባዩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ያደረገውን ሰው እንደረገሙ ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ስለ አህያ ፊት ይህን ያህል የተቆጡ ነቢይ ተከታዮች ነን።

ስለ ሰኮና፦ በየሁለት ወሩ ገደማ መከርከም አለበት። ያደገ ሰኮና እርምጃን ያዛባል፣ ጅማትንም ይጎዳል።

ስለ ትል፦ ውጫዊ ምልክት ባይታይም የፋንድያ ምርመራ አስፈላጊ ነው። አህያ የሳንባ ትል ይዞ ሳያስል ሊኖር ይችላል፤ አብሮት የሚግጠው ፈረስ ግን ከሱ ተላልፎበት ክፉኛ ያስላል።

ስለ ዝምታ፦ አህያ ሕመሙን ይደብቃል። ጅብና አውሬ በበዛበት ምድር የኖረ ፍጡር በመሆኑ ደካማ መስሎ መታየት አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ቀለብ እምቢ ካለ «ነገ ይበላል» ማለት አደገኛ ነው። ሳይበላ ሲውል የሰውነቱ ስብ ወደ ደም እየገባ ጉበቱን ይጎዳና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ስለ ቤተሰቡ ጤና፦ ከነካኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የልጆችን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ማሟላት ይገባል። እንስሳው በውሻ ወይም በጅብ ከተነከሰ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አለና አፉን ሳይነኩ ወዲያው ሐኪም መጥራት ግዴታ ነው።

አህያ በአገራችን

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያልን የምንቀልድባት ይህች ፍጡር በአገራችን ያላት ድርሻ ከቀልድ በላይ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባደረገው ጥናት የኢትዮጵያ አህዮች ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህም አገራችንን በዓለም ከፍተኛ የአህያ ቁጥር ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም ያደርጋታል። ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ ወደ ደሴ የሚገባውን እህልና ማገዶ፣ ከቃሉ መንደሮች ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሸክም ማን ተሸክሞ እንደሚመጣ ጎህ ሲቀድ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ያያል።

በእንግሊዝ አገር በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዘ ዶንኪ ሳንክቹአሪ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ያረጁና የተጣሉ አህዮችን በመጦር ይታወቃል። በአገራችንም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ጋር ሲሠራ ቆይቷል። በሌሎች አገሮች ደግሞ ትልልቅ በቀቀኖች ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚኖሩ ጌቶቻቸው ሲያረጁ ወይም ሲሞቱ ቤት አልባ ይሆናሉ። ላባቸው የረገፈውን፣ ዓይናቸው የደከመውን እነዚህን ወፎች ወደ ቤታቸው የሚወስዱ ቤተሰቦች አሉ። ይህን የሰማ ሰው «ፈረንጅ ለወፍ ይጨነቃል» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር ከእኛው የተጀመረ መሆኑን መርሳት የለብንም። የሶርያው ዐሊም ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ (1915–1964 እ.ኤ.አ.) ስለ እስላማዊው ሥልጣኔ ሲጽፉ፣ በደማስቆ ለመሥራት ያቃታቸው ፈረሶችና እንስሳት እስኪሞቱ የሚግጡበት አረንጓዴ መስክ ወቅፍ ተደርጎ እንደነበር ገልጸዋል።

በተቃራኒው የአህያ ቆዳ ንግድ የሚባል መቅሠፍት በዘመናችን መጥቷል። ቆዳው በቻይና ኢጅያዎ የተባለ ባህላዊ መድኃኒት ለመሥራት ይፈለጋል። በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ በተነሣ ቁጣ ምክንያት ተዘጋ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ በተካሄደው ጉባኤ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህዮችን ለቆዳቸው ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። እንግዲህ «ለምን እንደሚፈልጋት ሳይነግረኝ» የተባለለት ገዢ ሲመጣ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። መሸጥ የተፈቀደ ቢሆንም ለማን እንደምንሸጥ ማወቅ የአማና ጉዳይ ነው።

ኮምቦልቻ ያሳለፈችው በጋ

በጥቅምት መጨረሻ የደሴ ውርጭ ሲጀምር ቡሊት ሌሊት ሌሊት ትንቀጠቀጥ ጀመር። የአህያ ፀጉር እንደ ፈረስ ፀጉር ዝናብና እርጥበት አይከላከልም። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ግቢው ሰፊ ነው። ከተማዋም ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ሞቃት ናት። በጭነት መኪና፣ ከሥሯ ገለባ ጎዝጉዘን፣ ሐረጎን ቀስ ብለን አወረድናት።

ወንድሜ ድሮ ጋሪ ነበረው። ባጃጅ በኮምቦልቻ ጎዳናዎች ሲበዛ ጋሪውን ፈታ፤ ፈረሱን ግን አልሸጠም። ገበያ የወጣለት የጋሪ ፈረስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና። ሐኪሙ ቀደም ብሎ የነገረንን አስታውሰን ቡሊትን የትል መድኃኒት ሳንሰጥ ከፈረሱ ጋር አላቀላቀልናትም። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ገደማ እንስሳን ከሚጎዳው ጋር አትቀላቅል ማለታቸውን ያን ቀን በሌላ መልኩ ተረዳሁት።

ሁለቱ አሮጌዎች በሳምንት ውስጥ ተለማመዱ። ፈረሱ ወደ ውሃው ሲሄድ እሷ ትከተለዋለች፤ እሱ ከዓይኗ ሲርቅ ታናፋለች። አህያ ብቻውን ሲሆን እንደሚያዝንና ከባልንጀራው ሲለይ ቀለብ እስከመተው እንደሚደርስ ሐኪሙ ነግሮን ነበር። በመጋቢት ስንመልሳት ጎድኗ አይቆጠርም፤ ጀርባዋም ጠጉር አብቅሎ ነበር።

የኔ ስሕተት

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በሚያዝያ ወር ክረምቱ ሳይገባ የቤታችንን ግድግዳ ለማደስ አሸዋ አስፈለገን። የአሸዋው ዋጋም የጭነቱ ዋጋም ንሮ ነበር። ቡሊት ግቢ ውስጥ ወፍራ፣ ጤነኛ መስላ ቆማለች። «ግማሽ ኩንታል ብቻ፣ አንድ ምልልስ ብቻ» አልኩና ጫንኳት። እምቢ አላለችም። አሥራ አምስት ዓመት የለመደችው ሥራ ነውና አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ጭነቱን ሳወርድ የዳነው ጀርባ ተልጦ ደም አቅርሯል። ሴት ልጄ ከበሩ ላይ ሆና አየች። «አባዬ፣ መድረሳ የምታስተምረው ለኛ ብቻ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ገብታ ለብ ያለ ውሃ በጨው አምጥታ ቁስሉን አጠበች።

ያ ጥያቄ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እትዬ ቡሊትን የጫኗት አራት ልጆች ለማሳደግ ነው። እኔ የጫንኳት ጥቂት ብር ለማትረፍ ነው። ታዲያ ከሁለታችን ተግሣጽ የሚገባው ማን ነበር? በዚያች ሌሊት ተነሥቼ ኢስቲግፋር አደረግሁ። ቁስሉ እስኪሽርም ከአንድ ወር በላይ ፈጀ።

ለወጣቶችና ለቤተሰቦች

ይህን ታሪክ ለመድረሳ ተማሪዎቼ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በራሳቸው ተነሳሽነት ያደረጉት ነገር ደስ ያሰኛል። ከጉልት ሻጮች የሚጣለውን የጎመን ቅጠልና የካሮት ልጣጭ ለቅመው፣ አጥበውና ከትክተው በየተራ ያመጣሉ። አንዳንዶቹ በሰኞ ገበያ መንገድ ላይ ባልዲ ውሃ አስቀምጠው የደከሙ አህዮችን ያጠጣሉ። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው በዚሁ ሥራው ምሕረት እንዳገኘ፣ ሶሓቦችም በእንስሳት ምክንያት አጅር ይኖረን ይሆን ብለው ሲጠይቁ ነፍስ ባለው ፍጡር ሁሉ አጅር እንዳለ እንደተነገራቸው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። አጅር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሆኖም ስሜት ብቻውን አይበቃም። ያረጀና የታመመ እንስሳ ለመረከብ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ዝናብና ብርድ የማይገባበት ማደሪያ አለን? ከልጆቻችን ሐቅ ሳንነካ በየቀኑ የምናበላው አለን? እኛ ስንታመም ወይም ለዘመድ ጥየቃ ስንሄድ የሚተካን ማን ነው? ሐኪም ማግኘት እንችላለን? በዚህ ረገድ የእኛ አካባቢ ዕድለኛ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በእንስሳት ሕክምና ወጣቶችን ያስተምራል። መረከብ ያልቻለ ደግሞ የድርቆሽ ዋጋ በማዋጣት የድሃ ጎረቤቱን እንስሳ ባለበት ማቆየት ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የተሻለው ይኸኛው ነው፤ እንስሳው ከለመደው ሰውና ቦታ አይለይምና።

የመዳን ተስፋው ስለተሟጠጠ፣ በሥቃይ ላይ ስላለ እንስሳም የሚጠይቁኝ አሉ። ሥጋው የማይበላን እንስሳ ከሥቃይ ለመገላገል ብሎ ስለመግደል ኡለማኦች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ የከለከሉም የፈቀዱም ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው የሐኪሙን ምርመራ ይዞ ወደሚያምነው ዐሊም ይሂድ። ገደል አፋፍ ላይ ለጅብ መተው ግን ሁለቱም ወገኖች የተናገሩት ነገር አይደለም።

የመጨረሻው

ቡሊት ከእኛ ጋር አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረች። ባለፈው ጥቅምት ወደ ኮምቦልቻ ልናወርዳት ስንዘጋጅ አንድ ማለዳ ቀለቧን አልነካችም። ሐኪሙ በዕለቱ መጣ፤ የሚችለውን አደረገ። ሁለት ቀን ቆየች። በሁለተኛው ቀን እትዬ ሰምተው መጡ። ጎንበስ ብለው ጆሮዋን ዳበሱና ብዙ ጊዜ አቀርቅረው ቆዩ። ከዚያም «አፉ በይኝ» አሏት።

ሶሓባው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ሊሞቱ ሲሉ ግመላቸውን፣ ከአቅምህ በላይ ጭኜህ አላውቅምና ነገ በጌታዬ ፊት አትክሰሰኝ ማለታቸው ተዘግቧል። እኔ እንዲህ ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። የአሸዋው ነገር አለ። እኔም ከእትዬ አጠገብ ቆሜ እሳቸው ያሉትን ደገምኩ።

ሬሳዋን ከከተማው ወጣ ብለን፣ ከወራጅ ውሃ ርቀን፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን። ትንሹ ልጄ በጣም አለቀሰ። ተው እንዳልለው አንድ ሐዲስ ትዝ አለኝ። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት አቡ ዑመይር የተባለው ትንሹ ወንድማቸው የሚጫወትባት ወፍ ሞታበት ባዘነ ጊዜ፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርበው በፍቅር ስለ ወፊቱ ጠይቀውታል፤ በሐዘኑም አልሳቁበትም። እኔም ልጄን አቀፍኩትና ስለ ቡሊት እንዲያወራኝ ለቀቅሁት።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት «ማደሪያው ባዶ ሆነ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። በሰፈራችን ሌላም ጀርባዋ የቆሰለ፣ ባለቤቷ የደኸየ አህያ አለች። አሁን የድርቆሹን ግማሽ እኛ እናዋጣለን። ማደሪያውንም ለክረምት እየጠገንን ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ባሉት ፍጡራኑ ሁሉ ላይ አዛኞች ያድርገን፤ ያጠፋነውንም ይማረን። አሚን። ወላሁ አዕለም።